አድሚኑ ስድቡን አጠፋው፤ የባለጉዳይዋን ምስጢር ግን ተወው

መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ በአክብሮት ነው የሚጀምረው። «ሰላም ክቡራን የሙያ አጋሮቼ፤ አንድ ጉዳይ ላማክራችሁ» ይላል። ጉዳዩ የፍቺ ነው እንበል። ደንበኛዋ ለዓመታት ቤይሩት ሠርታ ለባሏ ገንዘብ ስትልክ ኖራለች። ባል በዚያ ገንዘብ ደሴ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርቶ ካርታውን በወንድሙ ስም አወጣ። ገንዘቡ የሚላከው በሰው እጅ ስለነበር ሴትዮዋ ደረሰኝ የላትም። ካሏት ሁለት ምስክሮች አንዱ የባል ዘመድ ነው፤ ችሎት ፊት ቆሞ መናገሩ ያጠራጥራል። ከአሠሪዎቿ ያገኘችው ፈቃድ የአንድ ወር ብቻ ስለሆነ በወሩ መጨረሻ መመለስ አለባት። ጠበቃው ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ «ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብሎ ይጨርሳል። ከሥሩ የክስ አቤቱታው ፎቶ ተያይዟል። የመዝገብ ቁጥሩ ይነበባል።

ሴትዮዋና ቤቱ ለምሳሌ የታሰቡ ናቸው። የመልእክቱን ዓይነት ግን የጠበቆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ትንሽ የቆየ ሰው አይስተውም።

ቀጥሎ ግሩፑ ይሟሟቃል። አንዱ የሰበር ውሳኔ ቁጥር ይጠቅሳል። ሌላው «ያ እኮ ተለውጧል» ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም «ሕግ ሳታነቡ ፈቃድ የወሰዳችሁ» ብሎ ይዘልፋቸዋል። ይኼኔ አድሚኑ ከች ይላል። ዘለፋውን ያጠፋል፣ ተሳዳቢውን ያስጠነቅቃል፣ የግሩፑን ሕግ እንደገና ይለጥፋል፦ ስድብ፣ ፖለቲካ፣ ሃይማኖትና ማስታወቂያ ክልክል ነው። አባላቱ «እናመሰግናለን አድሚን» ይላሉ። የክሱ ፎቶ ከነመዝገብ ቁጥሩ እዚያው ተቀምጧል።

አድሚን ምን አጥፍቶ ምን እንደሚተው ያየ ሰው፣ ሙያው ማንን እንደሚጠብቅ ይገባዋል። ዘለፋው የነካው ጠበቃን ስለሆነ በደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ፎቶው የነካው ባለጉዳይን ነው፤ ባለጉዳይዋ ደግሞ ግሩፑ ውስጥ የለችም። «ይህ ይጥፋልኝ» ልትል አትችልም። ቤይሩት ሆና ገንዘቧን ለባሏ አምና እንደሰጠች፣ አሁን ደግሞ ጉዷን ለጠበቃዋ አምና ሰጥታለች። ጠበቃውም ክፋት አስቦ አይደለም። ማክሰኞ ደርሶበት፣ የሚያማክረው አጥቶ፣ ጭንቀቱን ባልደረቦቹ መሃል ጣለው። ጭንቀቱ የእሱ ነው። ምስጢሩ ግን የእሱ አልነበረም።

ይህ ሲነሳ የመጀመሪያው መከላከያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ግሩፑ ዝግ ነው፤ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ ነው።» ሰዎች ይህን ሲሉ ማረጋገጫ የሰጡ ይመስላቸዋል። ነገሩን ግን ከሴትዮዋ በኩል እናስበው። የክሷ ድክመት የት እንዳለ ጎረቤቷ ቢያውቅ ምን ይመጣባታል? ወሬ ይሆናል፣ ያሳፍራታል፣ ያልፋል። የባሏ ጠበቃ ቢያውቅስ? ለዚህች ሴት በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ አደገኛው አንባቢ አንድ ሌላ ጠበቃ ነው፤ እሱም ያለው በዚያው ለባለሙያ ብቻ በተባለው ግሩፕ ውስጥ ነው። «ለጠበቆች ብቻ» ማለት በጉን ከውሻ ሸሽጎ ለተኩላ እንደማሳየት ነው።

ያ ጠበቃ ምንም ሕገ ወጥ ነገር ማድረግ አያስፈልገውም። ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ስልኩን ሲያይ መልእክቱን ያገኘዋል። ደሴ፣ ጂ ፕላስ ዋን፣ በወንድም ስም የተያዘ ካርታ፣ የማክሰኞ ቀጠሮ። የመዝገብ ቁጥሩን ባያይም ጉዳዩ የራሱ ደንበኛ መሆኑን ያውቃል። አሁን ሴትዮዋ ደረሰኝ እንደሌላት፣ የትኛው ምስክሯ እንደሚያመነታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወሩ መጨረሻ አገር ውስጥ እንደማትኖር አወቀ። ማክሰኞ ችሎት ቀርቦ «ተጨማሪ ሰነድ ለማቅረብ ጊዜ ይሰጠን» ቢል ማን ያየዋል? ቀጠሮው አምስት ሳምንት ተገፋ እንበል። እሷ በዚያን ጊዜ ቤይሩት ነች። የክሷ ዕጣ በሕግ ክርክር አልተወሰነም፤ ለምክር ተብሎ በተጻፈ አንድ መልእክት ተወሰነ። እሷም ለምን እንደተሸነፈች እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አታውቅም።

ጨዋ ጠበቃ ቢሆንና ሊጠቀምበት ባይፈልግስ? ያኔም የባሰ ጣጣ አለ። እሱም የራሱን ደንበኛ ጥቅም ለማስጠበቅ ግዴታ አለበት። ያነበበውን እንዳላነበበ መሆን አይችልም። ሌላ ሰው ባለመጠንቀቁ እሱ ከኅሊናውና ከደንበኛው መሃል እንዲመርጥ ተገደደ።

በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከፋል። የታሰረ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ደንግጓል። ለመርማሪ ፖሊስ ያልተናገረውን ለጠበቃው የሚናገረው ከዚያ እንደማያልፍ አምኖ ነው። ጠበቃው «ደንበኛዬ በዕለቱ ቦታው ላይ ነበር፤ ለፖሊስ ግን አልነበርኩም ብሏል፤ እንዴት ላድርገው?» ብሎ ዐቃብያነ ሕግ ባሉበት ግሩፕ ላይ ከጻፈ፣ የዚያን ሰው መብት የነጠቀው መንግሥት ሳይሆን የራሱ ጠበቃ ነው። ዐቃብያነ ሕግና ዳኞች በእነዚህ ግሩፖች ውስጥ መኖራቸው ደግሞ የሚያስገርም አይደለም። ብዙዎቹ ግሩፖች የተጀመሩት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በተመረቁ ባቾች ነው። አብረው የተማሩት ዛሬ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ የባንክ ነገረ ፈጅ፣ አንዱ ጠበቃ ነው። ጉዳዩ የሚቀርብለት ዳኛ ክርክሩን ችሎት ከመግባቱ በፊት በአንድ ወገን ብቻ ተነግሮት ቢያነበውስ? ለዚህ ጠበቃ ይህ የማማከር ጥያቄ ነው። ለሌላኛው ወገን ግን በሌለበት የተሰማ ክርክር ነው።

ሁለተኛው መከላከያ «ስም አልጠቀስንም» የሚለው ነው። ይህ ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ እንኳ ደካማ ነው፤ በእኛ አገር ትናንሽ ከተሞች ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። «አንድ የወልድያ ሆቴል ባለቤት ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር» ከተባለ ለወልድያ ሰው ስም መጥራት ትርፍ ነው። ደግሞም አንባቢዎቹ ነገር ገጣጥሞ ማውጣት ሙያቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። ችሎቱ ይታወቃል፣ የቀጠሮው ቀን ይታወቃል፣ ጠያቂው ጠበቃ ደግሞ በሙሉ ስሙና በፎቶው ነው የጻፈው። የጠበቃው ስም ራሱ የደንበኛው ስም ግማሽ ነው። ማክሰኞ ማን አጠገብ እንደሚቆም ማየት ብቻ ይበቃል።

አሜሪካኖቹ ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ገብተውበታል። እዚያ ጠበቆች በጋራ የኢሜይል መወያያ ላይ ስለ ጉዳዮቻቸው መጠያየቅ ከቴሌግራም መምጣት በፊት የለመዱት ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለዚሁ ብቻ የሚናገር አስተያየት አወጣ፤ ቁጥሩ 511 ነው። ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው። አንባቢው አሁንም ሆነ ወደፊት ደንበኛው ማን እንደሆነ ወይም ጉዳዩ የትኛው እንደሆነ ሊገምት የሚችልበት ምክንያታዊ ዕድል ካለ፣ ጠበቃው ነገሩን ተገንዝቦ የፈቀደ ደንበኛ ከሌለው በቀር ጥያቄውን መጻፍ አይችልም። «በምሳሌ መልክ ነው የጠየቅሁት» ማለትም አያድነውም። ኮሚቴው መወያያውን አልከለከለም። ስለ አዳዲስ ሕጎች መነጋገር፣ ስለ ጠቅላላ የሕግ ጥያቄ መረጃ መለዋወጥ፣ የሰነድ ናሙና መጠየቅ ሁሉ እንደተፈቀደ ነው። አስተያየቱ በራሱ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ግዛቶቹ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ደንቡ ሲጣስ ግን ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ደንበኞቿ ኢንተርኔት ላይ የጻፈች አንዲት የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃን ለ60 ቀን ከሙያዋ አግዷታል። የደንበኞቿን ሙሉ ስም አልጻፈችም ነበር። አንዳንዱን በመጀመሪያ ስሙ፣ አንዳንዱን በእስር ቤት መለያ ቁጥሩ ነበር የጠቀሰችው።

«ያ የአሜሪካ ነው» የሚል ካለ የራሳችንን ይግለጥ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያው ምክንያት ያወቀውን የግል ምስጢር የሚገልጥ ጠበቃ፣ ነገረ ፈጅ ወይም የሕግ አማካሪ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ይናገራል። ሐኪሙን፣ ነርሷንና የሃይማኖት አባቱንም አብሮ ይዟል። በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57ም የደንበኛን ምስጢር መጠበቅን ግዴታ አድርጎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በቅርቡ ተጨምሯል። የሚጎድለን የተጻፈ ሕግ አይደለም። (ሕጉን በቃል የሚያውቁት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ነርስ የታካሚ ካርድ ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ብትልክ ክሱን ማን እንደሚጽፈው መገመት አይከብድም።)

ነገር ግን አንቀጽ 399 አንድ ቀዳዳ አለው፤ የአድሚኑም ነገር የሚመጣው በዚህ ነው። ወንጀሉ የሚያስቀጣው በግል አቤቱታ ነው። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ካልከሰሰ ማንም አይከስለትም። ባለጉዳይዋ ግሩፑ ውስጥ ከሌለች እንዴት ታውቃለች? ካላወቀችስ በምን ላይ አቤት ትላለች? የሥነ ምግባር ቅሬታም ቢሆን የሚነሳው የሚያውቅ ሰው ሲያቀርበው ነው። ጥፋቱን ያዩት ሰዎች በሙሉ ጠበቆች ናቸው፤ አንዳቸውም ባልደረባቸውን ለመክሰስ አይነሱም፤ ግማሾቹም ባለፈው ወር ራሳቸው እንደዚያው ጠይቀዋል። ስለዚህ ሕጉ ወረቀት ላይ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ግሩፑ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከበሩ ወዲያ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አድሚኑ።

አድሚኖች ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል። «እኛ በነጻ ነው የምናገለግለው፤ ደመወዝ የለን፤ የሰውን ሁሉ መልእክት እንዴት እናንብብ?» ይላሉ። ድካማቸው እውነት ነው። ቴሌግራም አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የጠበቆች ግሩፕ ያን ያህል ባይሆንም በሺህ የሚቆጠር አባል ያለውን ግሩፕ ከሥራ በኋላ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የማንበብ ጊዜ የለኝም የሚለው ሰው ስድብ ለማጥፋት፣ የምርጫ ወሬ ለማጥፋት፣ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ለማጥፋት ጊዜ ያገኛል። ፖለቲካ ሲጻፍ የሚፈጥነው ነገ ማን ይጠራኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። የባለጉዳይ ምስጢር ሲጻፍ የሚጠራው የለም። ልዩነቱ የጊዜ ማጣት ሳይሆን የፍርሃት ነው።

ይባስ ብሎ አንዳንድ አድሚን ማጥፋት የሌለበትን ያጠፋል። አንድ ጠበቃ የሰበር ችሎቱን ውሳኔ በምክንያት ከተቸ «ፍርድ ቤትን ማክበር» በሚል ሰበብ ጽሑፉ ይነሳል። ውሳኔ ግን በአደባባይ የተነገረ ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ከሆነ፣ እሱን መመርመርና መንቀፍ የጠበቆች ዋና ሥራ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ክርክር ለአንባቢው ሁሉ ይጠቅማል፣ ማንንም ባለጉዳይ አይጎዳም። ብዙ ቦታ የሚሆነው ተገላቢጦሽ ነው፤ ሊተች የሚገባው ውሳኔ ይሸፈናል፣ ሊሸፈን የሚገባው የሴትዮዋ ጉዳይ አደባባይ ይቆማል።

እነዚህ ግሩፖች ይዘጉ የሚል ሰው ግን አገሩን አያውቅም። ከአዲስ አበባ ርቆ የሚሠራ ወጣት ጠበቃ አጠገቡ ቤተ መጻሕፍት የለውም፤ ሊያማክረው የሚችል አንጋፋ ጠበቃ ካለም እሱ ራሱ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ነው። የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች፣ አዲስ የወጡ አዋጆች፣ የተሻሻሉ መመሪያዎች የሚደርሱት በፒዲኤፍ ተልከውለት በስልኩ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ያላስተማረውን የአቤቱታ አጻጻፍ የተማረውም እዚያው ነው። አንድ ቁጥር ጠይቆ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከማያውቀው ሰው መልስ ያገኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለጉዳዩንም ይጠቅማል። ያልተማከረ ጠበቃ ከሚያበላሸው ጉዳይ ስንቱ በዚህ መንገድ ተርፏል።

ለዚህ ጥቅም ሲባል ግን የሴትዮዋ ጉድ መዘርዘር አልነበረበትም። ያ ጠበቃ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፦ በጋብቻ ጊዜ በተገኘ ገንዘብ የተሠራ ቤት ካርታው በሦስተኛ ወገን ስም ከሆነ ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃል? ጥያቄው ይኸው ነው። ቤይሩት የለበትም፣ ደሴ የለበትም፣ ማክሰኞ የለበትም፣ የሚያመነታ ምስክር የለበትም። ይህን ቢጽፍ ያው የሰበር ቁጥር ይመጣለት ነበር። ከዚያ በላይ ጠልቆ መማከር ካስፈለገው ስልክ አንስቶ አንድ የሚያምነውን ሰው ብቻ ያናግር፤ መጀመሪያ ያ ሰው ከሌላው ወገን ጋር ጉዳይ እንደሌለው ይጠይቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ባለቤቷን ያስፈቅድ። «ጉዳይሽን ከሌላ ጠበቃ ጋር ብነጋገርበት ትፈቅጂያለሽ?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ባለቤቱ ከፈቀደ ሕጉም አያስጠይቅም። የሚገርመው ብዙ ጠበቃ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚከብደው፣ መልሱ «አይሆንም» እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው።

ከአድሚኑ የሚጠበቀውም ብዙ አይደለም። የክስ፣ የመልስና የማስረጃ ፎቶ ግሩፑ ላይ እንዳይለጠፍ መከልከልና የተለጠፈውን ከስድብ ቀድሞ ማጥፋት። መልእክት ወደ ሌላ ቦታ እንዳይተላለፍ የሚያግደውን የቴሌግራም ቅንብር ማብራት፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ከማንሳት ባያግድም። አዲስ አባል ወደ ኋላ ተመልሶ የዓመታት መልእክት እንዳያነብ መዝጋት። ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ያሉበት ግሩፕ ላይ በሂደት ስላለ ጉዳይ ጨርሶ እንዳይነሳ ማድረግ። ደጋግሞ የሚጥሰውን ማስወጣት፤ ተሳዳቢው ሲወጣ ያላዘነ ሰው እሱ ሲወጣ አያዝንም። ባልደረባ ነው ተብሎ ጥያቄውን ከመለሱለት በኋላ ዝም የሚሉት አባላትም ነጻ አይደሉም። «ወንድሜ፣ ይህን አጥፋውና ሕጉን ብቻ ጠይቅ» ብሎ በውስጥ መስመር መጻፍ ማንንም አያዋርድም።

ይህ ሁሉ በአድሚን መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠል ግን አልነበረበትም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል። ጠበቆች ይህን ለዓመታት ሲጠይቁት የነበረው ሙያቸውን ራሳቸው ሊያስተዳድሩ ነው። ራስን ማስተዳደር ከፈቃድ እድሳትና ከስብሰባ ካለፈ፣ ጠበቆች በየቀኑ የሚነጋገሩበት ቦታ ላይ መድረስ አለበት። አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል፦ ምን መጠየቅ ይቻላል፣ ምን አይቻልም፣ ያየ ሰው ለማን ያመለክታል። በክልል ፈቃድ የሚሰጡ ቢሮዎችም ይህንኑ ለየጠበቆቻቸው ማድረግ ይችላሉ። ቅሬታውን ደግሞ ባለጉዳይ እስኪያመጣው መጠበቅ አያስፈልግም፤ ባለጉዳይዋ እንደማታውቅ ሁሉም ያውቃልና ግሩፑ ውስጥ ያየ ጠበቃ እንዲያመለክት ግዴታ ይጣልበት።

ማክሰኞ ጠዋት ያ ጠበቃ ችሎት ሲገባ ምናልባት የሰበር ቁጥሩን ይዞ ይገባል፤ ምክሩም ጠቅሞት ይሆናል። ሴትዮዋ ከኋላው ተቀምጣለች። ከሌላው ወገን ጠበቃ ጋር ሲጨባበጡም ታያቸዋለች። ሁለቱ አንድ ግሩፕ ውስጥ እንዳሉ ግን አታውቅም።